አይጧ አልዋሸችም

«ሳይንቲስቶች ለማይድነው የነርቭ በሽታ መድኃኒት አገኙ» የሚል ዜና በቴሌግራም ሲደርሳችሁ አንድ ቃል እንደተቆረጠ ጠርጥሩ። የተቆረጠችው ቃል ብዙውን ጊዜ «በአይጥ» የምትለዋ ናት። በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ጄምስ ሄዘርስ የተባለ ተመራማሪ ትዊተር ላይ አንድ ገጽ ከፈተ። ሥራው ቀላል ነበር፤ እንዲህ ዓይነት የሚያስጎመጁ የጤና ዜናዎችን ያጋራና ከላያቸው ላይ «በአይጥ» ብሎ ይጽፋል። በቃ፣ ሌላ አስተያየት የለም። ገጹ በአጭር ጊዜ ብዙ ተከታይ አፈራ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ።

ከሳቁ በኋላ ግን ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን አሁንም ዜናውን እንዳለ ይውጣል። ሁለተኛው፣ ነቅቻለሁ ባዩ፣ «ኧረ ተዉት፣ የአይጥ ምርምር ነው» ብሎ ሁሉንም በአንድ ላይ ይጥላል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ።

አቋሜ ይኼ ነው፦ ጥፋቱ የአይጧ አይደለም። አይጧ የተጠየቀችውን ነው የምትመልሰው። ጥያቄውን የምናሳስተው፣ መልሱን የምናጋንነው፣ ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ «አይጥ አትረባም» ብለን የምንፈርደው እኛ ነን። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል አይደል? እዚህ ጋ ተረቱ ተገልብጧል። ሰው ባጠፋ አይጥ ተመታች።

እኔ የነርቭ ሳይንቲስት አይደለሁም። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ በእኔ ሙያ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚነገር አንድ ነገር አለ፦ ቴስቱ አለፈ ማለት ሲስተሙ ይሠራል ማለት አይደለም። ቴስቱ የጠየቀውን ነገር ብቻ አልፏል ማለት ነው። ይኼን ልዩነት የረሳ ሰው አንድ ቀን ደንበኛው ፊት ያፍራል። በሕክምና ግን ዋጋውን የሚከፍለው ታማሚው ነው።

እስቲ ከአይጧ እንጀምር። በነርቭ ሳይንስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትኖረው አይጥ ከጎተራ የተያዘች አይጥ አይደለችም። የተሠራች ናት። ተመራማሪዎች አንድን ጂን ሊያጠፉባት፣ የሰው ጂን ሊጨምሩባት፣ ወይም አንድን ጂን በአንድ ዓይነት የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ብቻ እንዲበራና እንዲጠፋ ሊያደርጉ ይችላሉ። ለዚህ መንገድ የጠረጉት ማሪዮ ካፔኪ፣ ማርቲን ኢቫንስና ኦሊቨር ስሚዚስ በ2007 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። እንዲህ ዓይነት አይጦች ዛሬ በዝርዝር ተመዝግበው በትእዛዝ የሚገዙ ናቸው። ከታወቁት አቅራቢዎች አንዱ በ1929 በአሜሪካ ሜይን ግዛት የተቋቋመው ጃክሰን ላብራቶሪ ነው። እኛ ላይብረሪ ከኢንተርኔት አውርደን ኮዳችን ውስጥ እንደምንጭነው፣ እነሱም የሚፈልጉትን የአይጥ ዘር ያዝዛሉ። ድንቅ ነገር ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሣጥኑ ላይ የሚለጠፈው ስም ላይ ነው።

ኤ.ኤል.ኤስ የሚባለውን በሽታ ውሰዱ። በ2014 ሰው ሁሉ የበረዶ ውኃ በአናቱ ላይ ሲያፈስ የነበረው ለዚህ በሽታ ነው። የአሜሪካው የኤ.ኤል.ኤስ ማኅበር ብቻ በዚያ ዘመቻ 115 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቧል። በሽታው ጡንቻን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት እየገደለ ይሄዳል። እጅ ይዝላል፣ ንግግር ይጎተታል፣ መዋጥ ያቅታል፣ በመጨረሻም ትንፋሽ። ስቲቨን ሆኪንግ በ1963 ተነግሮት እስከ 2018 መቆየቱ እጅግ የተለየ ነገር ነው፤ አብዛኛው ታማሚ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ከ2 እስከ 5 ዓመት ቢኖር ነው።

በ1993 ተመራማሪዎች በዘር በሚወረሰው የበሽታው ዓይነት ላይ አንድ ጥፋተኛ አገኙ፤ ሶድ-1 የተባለ ጂን። በዓመቱ፣ በ1994፣ የተበላሸውን የሰው ሶድ-1 ገና በዳበረ የአይጥ እንቁላል ውስጥ አስገቡና አዲስ የአይጥ ዘር ፈጠሩ። አይጧ በ3 ወር ገደማ የኋላ እግሮቿ ይዝላሉ፤ ከ4 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ትሞታለች። የተበላሸ የሰው ሶድ-1 ተሸክማ ኤ.ኤል.ኤስን የሚመስል በሽታ ያሳየች የመጀመሪያዋ አይጥ ነበረች። ደስታው ይገባኛል። ለዓመታት እንዲህ ያለ መፈተኛ አልነበራቸውማ።

ከዚያ ስም ወጣላት፦ «የኤ.ኤል.ኤስ አይጥ»።

ስህተቱ እዚህች ስም ውስጥ ነው ያለው። በሶድ-1 ምክንያት የሚታመሙት ከጠቅላላው የኤ.ኤል.ኤስ ታማሚ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። የታመመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የተበላሸ ቅጂ ነው ያለው፤ አይጧ ግን ከ20 በላይ ቅጂ ተሸክማለች። ይባስ ብሎ በ2006 በአብዛኞቹ ታማሚዎች የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚገኘው ቲዲፒ-43 የተባለ ሌላ ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። በሶድ-1 ታማሚዎች ላይ ግን ይኼ ክምችት የለም። እንግዲህ አይጧ የምትወክለው የጥቂቶቹን በሽታ ነው፤ እሱንም በብዙ እጥፍ አጋንና። «ሶድ-1 የበዛባት አይጥ» ብትባል እውነት ነበር። «የኤ.ኤል.ኤስ አይጥ» ሲሏት ግን ከ100 ታማሚ የ98ቱን ጥያቄ አብራ እንድትመልስ ፈረዱባት።

ውጤቱን ተመልከቱ። ሚኖሳይክሊን የሚባል ለብጉር ጭምር የሚታዘዝ ተራ አንቲባዮቲክ አለ። በ2002 ኔቸር በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ ይኼ መድኃኒት የእነዚህን አይጦች በሽታ እንደሚያዘገይ ታተመ። ርካሽ ነው፣ የታወቀ ነው፣ በአፍ የሚወሰድ ነው። ተስፋው ምን ያህል እንደነበር አስቡት። 412 ታማሚዎች በአንድ ክሊኒካዊ ሙከራ ላይ ተሳተፉ፤ ውጤቱ በ2007 ወጣ። የታማሚው አቅም በነጥብ ይለካል። ማስመሰያ ክኒን የወሰዱት በወር በአማካይ 1.04 ነጥብ ሲያጡ፣ ሚኖሳይክሊን የወሰዱት 1.30 አጡ። መድኃኒቱ አለመጥቀሙ ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ በ25 በመቶ ፈጥነው ደከሙ። 2 ወይም 3 ዓመት ለቀረው ሰው 25 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ ለማስላት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

ቆይ፣ አይጧ ዋሽታ ነው? በፍጹም። እዚህ ጋ ለእኔ ሙያ በጣም የሚቀርብ ታሪክ አለ። ያኔ በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ የነበረው የኤ.ኤል.ኤስ ቴራፒ ዲቨሎፕመንት ኢንስቲትዩት ለ5 ዓመት ያህል ቁጭ ብሎ ከ70 በላይ መድኃኒቶችን በዚህችው አይጥ ላይ ፈተነ። ከእነሱ መካከል ቀደም ሲል «ዕድሜ አራዘሙ» ተብለው የታተሙም ነበሩ። 221 ሙከራ፣ 18,000 አይጥ። በ2008 ውጤቱን አወጡ፦ አንዱም አልሠራም። ቀድሞ የታተሙት አብዛኞቹ «ስኬቶች» የመድኃኒት ውጤት ሳይሆኑ በአይጦቹ መካከል ያለ ተራ ልዩነት ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ።

ምክንያቶቹን ሳነብ የአንድ የተበላሸ ሰርቨር ሪፖርት የማነብ ነው የመሰለኝ። አንደኛ፣ ወንዶቹ አይጦች ከሴቶቹ ቀድመው ይሞታሉ፤ ቡድኖቹን ሳታመጣጥን ካነጻጸርክ ጾታን ለክተህ «መድኃኒት» ትላለህ። ሁለተኛ፣ ከአንድ እናት አብረው የተወለዱ አይጦች ዕድሜያቸው ይቀራረባል፤ አንድ ቤተሰብ ሙሉ በአንድ ቡድን ከገባ ቤተሰቡን ነው የለካኸው። ሦስተኛ፣ አንዳንዶቹ አይጦች ከበሽታው ጋር በማይገናኝ ምክንያት ይሞታሉ፤ እነሱም ይቆጠራሉ። አራተኛውና ዋናው፣ ያ ከ20 በላይ የሆነው የጂን ቅጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የተወሰነው ሊጠፋ ይችላል። ቅጂ የጎደለባት አይጥ ያለምንም መድኃኒት ረዘም ትኖራለች። 10 አይጥ ባለበት ቡድን ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት አይጦች ከገቡ፣ የሚቀጥለው ዜና «ተስፋ ሰጪ መድኃኒት ተገኘ» ነው።

ይኼ እኮ የሞራል ፍልስፍና አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው። ማንም ጨዋ ፕሮግራመር የቱ ቨርዥን ላይ እንደሚሠራ ሳያጣራ ውጤት አያውጅም። የጂን ቅጂ መቁጠር ማለት ቨርዥን ማየት ማለት ነው።

«እሺ፣ ይኼ የአንድ በሽታ ታሪክ ነው» የሚል ይኖራል። የማስታወስ ምርምርን እንመልከት። አይጥ ትዝታ እንዳላት ከሚፈተንባቸው መንገዶች አንዱ ገንዳ ነው። አይጧ ውኃ ውስጥ ትገባለች፤ ከውኃው በታች የተደበቀች ማረፊያ አለች፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች እያየች ቦታዋን ማስታወስ አለባት። ለአልዛይመር ምርምር ከሚያገለግሉት የታወቁ ዘሮች መካከል ኤስ.ጄ.ኤል ከተባለ ዝርያ የተዳቀሉ አሉ። ይኼ ዝርያ የዓይን ብርሃን የሚያጠፋ ጂን ይዟል፤ ከእናትም ከአባትም የወረሰችው አይጥ ገና በልጅነቷ ትታወራለች። እንግዲህ ገንዳው ውስጥ የምትንከራተተዋ አይጥ ዘንግታ ነው ወይስ አይታያትም? ዓይኗን ሳይመረምር «ረሳች» ብሎ የጻፈ ሰው ስለ አልዛይመር ምንም አልነገረንም።

ሌላም ልጨምር። ከአልጌ የተወሰደ ለብርሃን ምላሽ የሚሰጥ ጂን በአይጥ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ እያስገቡ ሕዋሱን በብርሃን ማዘዝ ይቻላል። ከእነዚህ ዘሮች አንዱን ለመሥራት ከብርሃኑ ጂን ጋር አብሮ የገባው ረጅም የዲኤንኤ ቁራጭ፣ አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ የሚያጓጉዝ ፕሮቲን ጂንም ይዞ ነበር። በ2013 ሲመረመር፣ ይኼ ዘር ምንም ብርሃን ሳይበራበት በትኩረትና በሌሎች የአእምሮ ሥራዎች ላይ ችግር አለበት። አንድ ላይብረሪ ስትጭኑ ሳይነገራችሁ ሌላ ነገር ይዞ የገባባችሁ ቀን ትዝ አይላችሁም? እሱ ነው። ደግነቱ ይኼን ያጋለጡትም የነርቭ ሳይንቲስቶች ናቸው። ባለሙያ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልዙር። «እንግዲያው ይቅር፤ ሰውን በሰው ሕዋስ፣ አእምሮን በኮምፒውተር አጥኑ» ለምትሉት። ኮምፒውተር የምሠራበት ነገር ስለሆነ በእሱ ልምላችሁ አልፈልግም፤ ግን ያልገባንን ነገር ኮድ አድርገን መጻፍ አንችልም። ሰሃን ላይ የበቀለ ሕዋስም አይራመድም፣ አይውጥም፣ አይፈራም። የነርቭ በሽታ የሚታየው ደግሞ በመራመድ፣ በመዋጥ፣ በመፍራት ነው።

ደግሞስ አይጧ በትክክል ስትጠየቅ ምን እንዳደረገች እዩ። ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ የሚባል ሕፃናትን የሚያሽመደምድ በሽታ አለ። ኤስ.ኤም.ኤን-1 የተባለ ጂን ሲጠፋ ይመጣል። ሰው ኤስ.ኤም.ኤን-2 የሚባል ደካማ ተጠባባቂ ጂን አለው። አይጥ የላትም፤ ስለዚህ የእሷ ጂን ሲጠፋ ፅንሱ ይሞታል። ተመራማሪዎቹ ግን ዝም ብለው «አይጥና ሰው አንድ ነው» አላሉም። ልዩነቱን ቆጥረው በ2000 የራሷ ጂን በጠፋባት አይጥ ውስጥ የሰውን ተጠባባቂ ጂን አስገቡ። ጥያቄያቸው ጠባብ ነበር፦ ይኼ ተጠባባቂ ቢበረታ ያድናል ወይ? አይጧ አዎ አለች። በ2016 መጨረሻ ኑሲነርሰን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ተጠባባቂውን ጂን ነው የሚያበረታው። ያለ ሕክምና ፈጽሞ ቁጭ ማለት ከማይችሉት ሕፃናት መካከል ቁጭ ያሉ አሉ።

ያቺ የተሰደበችዋ የሶድ-1 አይጥስ? ቶፈርሰን የተባለው መድኃኒት ሰውነት የሚሠራውን የሶድ-1 ፕሮቲን ይቀንሳል። መጀመሪያ ከተፈተነባቸው እንስሳት አንዷ እሷ ናት። በ2023 በአሜሪካ ሶድ-1 ላለባቸው ታማሚዎች ተፈቀደ። ተአምር አይደለም፤ ዋናው ክሊኒካዊ ሙከራ በ28 ሳምንት የታሰበውን መለኪያ አላለፈም፤ ፈቃዱም የተሰጠው ደም ውስጥ ያለው የነርቭ ጉዳት ምልክት በመቀነሱ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ በሉ። ያቺ አይጥ ስለ ሶድ-1 ስትጠየቅ መልስ ነበራት። ስለ ኤ.ኤል.ኤስ በጠቅላላው ስትጠየቅ ነው የጠፋባት። 30 ዓመት ሙሉ የለወጥነው አይጧን አይደለም፤ ጥያቄውን ነው።

ይኼ ሁሉ ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። የአንድ የሥራ ባልደረባዬ አባት ይኼ በሽታ አለባቸው። ልጃቸው በሳምንት አንዴ ያህል ሊንክ ይልክልኛል፤ ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ይጽፋል፦ «ይኼስ?» የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ አልፈርድበትም። ጽሑፉን ከፍቼ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ አይጧን አገኛታለሁ፣ የትኛዋ ዘር እንደሆነች አያለሁ። ከዚያ እደውልለታለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ አይነገርም። ከተላከልኝ ሊንክ ሁሉ ለቤተሰቡ የጠቀመው «መድኃኒት ተገኘ» የሚለው አልነበረም። የጠቀማቸው «የእሳቸው በሽታ ከየትኛው ጂን ነው?» የምትለዋ ጥያቄ ናት፤ ሐኪማቸውን ጠየቁ። በአማርኛ ከደረሷቸው ዜናዎች አንዱም ይኼን ጥያቄ አላነሳም። ላም አለኝ በሰማይ ሲሏቸው ነው የከረሙት።

«ሳይንቲስቶቹ እኮ ይኼን ያውቃሉ፤ የሚያጋንነው ጋዜጠኛው ነው» ትሉኝ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን «የአልዛይመር አይጥ»፣ «የኤ.ኤል.ኤስ አይጥ» የሚለውን ስም ያወጣው ጋዜጠኛ አይደለም። ስሙ በጥናቶቹ ርእስ ላይ አለ፣ የገንዘብ ማመልከቻው ላይ አለ። የሚያጓጓ ስም ገንዘብ ያመጣል፤ «አልሠራም» የሚል ውጤት ግን ማተሚያ ማግኘት ይከብደዋል። የ2008ቱ ጥናት ጀግንነት እሱ ነው፤ 70 ጊዜ «አልሠራም» ብሎ በአደባባይ መጻፍ።

ስለ እንስሳቱ የምትቆረቆሩትንም አልረሳኋችሁም። ከእናንተ ጋር ጠብ የለኝም፤ እንዲያውም ቁጣችሁን ትክክለኛው ቦታ ላይ አድርጉት እላለሁ። በጥንቃቄ በተሠራ ሙከራ የሞተች አይጥ ቢያንስ መልስ ትታ ሄደች። ቅጂዋ ሳይቆጠር፣ ዓይኗ ሳይታይ፣ ማነጻጸሪያዋ ሳይመጣጠን የሞተችው ግን በከንቱ ሞተች። ለእኔ ትልቁ ጭካኔ ዝርክርክነት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ተመራማሪዎች አይጧን በበሽታው ስም ሳይሆን በተቀየረባት ጂን ስም ይጥሯት፤ «ሶድ-1 አይጥ» ማለት ያን ያህል አይከብድም። መጽሔቶች የቅጂ ብዛት፣ ጾታ፣ የአንድ እናት ልጆች ክፍፍልና የዝርያ ምንጭ ያልተጻፈበትን ጥናት አይቀበሉ፤ ያልሠራውንም ያትሙ። ሦስተኛው እኛን ይመለከታል፤ በአማርኛ የሳይንስ ዜና የምንተረጉመውን፣ የምናጋራውን፣ «ሼር» የምንጫነውን ሁሉ። «በአይጥ» አራት ፊደል ናት። ርእሱ ላይ ትግባ። ርእሱ ውስጥ ካጣችኋት ደግሞ ሳታጋሩ በፊት ጽሑፉን ከፍታችሁ ፈልጓት፤ ስታገኟትም የትኛዋ አይጥ እንደሆነችና ምን እንደተጠየቀች እዩ። ያ ሊንክ ስልኩ ላይ የሚደርስ አንድ ልጅ ስላለ፣ አባቱም ከጎኑ ተቀምጠው እየጠበቁት ስለሆነ።